የሳይንስ መርሐ ትምህርቱና የሕክምና ትምህርት ቤት በር፦ ከጥርባ ሲታይ

በአገራችን የሕክምና ትምህርት ጥራት በተነሣ ቁጥር ውይይቱ የሚጀምረው ከሕክምና ትምህርት ቤቱ ደጃፍ ነው። የመምህራን ቁጥር፣ በአንድ ሕመምተኛ አልጋ ዙሪያ የሚቆሙ ተማሪዎች ብዛት፣ የመጻሕፍትና የአስከሬን እጥረት፣ በመጨረሻም የሙያ ፈቃድ ምዘናው በየተራ ይነሣሉ። ተማሪው ወደዚያ ደጃፍ ከመድረሱ በፊት ያሳለፋቸው የሳይንስ ዓመታትና ያለፈበት ፈተና ግን የትምህርት ሚኒስቴር ጉዳይ ተደርገው ይታለፋሉ። ይህ አመለካከት መታረም ያለበት ይመስለኛል። ነገ በክፍላችን የደም ግፊት የሚለካው፣ የመድኃኒት መጠን የሚያሰላውና ለቤተሰብ ክፉ ወሬ የሚነግረው ሰው የተመረጠው እኛ ባልተገኘንበት ቦታ፣ እኛ ባላነበብነው መርሐ ትምህርት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ሦስት ነገሮችን ለመመዘን እሞክራለሁ። የመጀመሪያው የመሰናዶው የሳይንስ መርሐ ትምህርት ምን እንደያዘ፣ ሁለተኛው ተማሪው ለፈተናው እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ ሦስተኛው ፈተናው ምን እንደሚለካና ምን እንደማይለካ ነው። ጉዳዩን የምመለከተው ከአዲስ አበባ ሳይሆን በአዊ ዞን ከምትገኘው ከጥርባ ነው። አንድ መርሐ ትምህርት ጥሩ ላቦራቶሪ ባለው የከተማ ትምህርት ቤት ቢሠራ ብዙም አይደንቅም። ጥንካሬው የሚታወቀው እንደ ጥርባ ባለች ትንሽ ከተማ ነው።

የፈተናው መንገድ ባጭሩ

የቀድሞው ትውልድ በማትሪክ ስም የሚያውቀው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተና፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣውን የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከትሎ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ለሁለት ፈተናዎች ቦታውን ለቀቀ። አንደኛው በአሥረኛ ክፍል፣ ሌላው ከሁለት ዓመት መሰናዶ በኋላ በአሥራ ሁለተኛ ክፍል የሚሰጥ ነበር። የአሥረኛ ክፍሉ ፈተና በ2011 ዓ.ም. ለመጨረሻ ጊዜ ተሰጥቶ ቀርቷል። ስለዚህ ዛሬ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪው ዕጣ የሚወሰነው በዋነኛነት በአንድ ፈተና ነው፤ እርሱም ሒሳብን፣ እንግሊዝኛን፣ ፊዚክስን፣ ኬሚስትሪን፣ ባዮሎጂንና የስኮላስቲክ አፕቲትዩድን የያዘው ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የመጀመሪያ ዓመት ትምህርት በመጀመራቸው የዚያ ዓመት ውጤትም ወደ ሕክምና ለመግባት ይታያል። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውና ጠባቡ በር ያው የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ነው።

ሌላም መንገድ ነበር። በ2004 ዓ.ም. በአሥራ ሦስት ተቋማት የተጀመረው አዲሱ የሕክምና ትምህርት መርሐ ግብር በጤናና በተፈጥሮ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸውን በመግቢያ ፈተና እየመረጠ ከነባሩ ባጠረ ጊዜ ሐኪም እንዲሆኑ አድርጓል። ከዚህ መጽሔት አንባቢያን መካከል ጤና መኮንን ወይም ነርስ ሆነው ሲሠሩ ቆይተው፣ ማታ ማታ የቆየ የኬሚስትሪ ደብተር እያገላበጡ ለዚያ ፈተና የተዘጋጁ አይጠፉም። እነርሱ ከዚህ በታች የማነሣውን ነጥብ ከማንም በላይ ይረዱታል፤ ሳይንሱን አንድ ጊዜ ሳይሠሩበት፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ እየሠሩበት አጥንተውታልና።

የፈተናውን ንጽሕና በተመለከተ መመስገን ያለበት መመስገን አለበት። በ2008 ዓ.ም. ፈተናው ሾልኮ በመውጣቱ ተሰርዞ እንደገና መሰጠቱን እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታትም በውጤቶቹ ላይ የነበረው እምነት ተሸርሽሮ ነበር። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰብስበው ሲፈተኑ፣ ከ896,520 ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያገኙት 29,909 ብቻ ሆኑ፤ ይኸውም 3.3 በመቶ ነው። በተፈጥሮ ሳይንስ ከ339,642 ተፈታኞች ያለፉት 22,936 ነበሩ። አንድም ተማሪ ያላሳለፉት ትምህርት ቤቶች ከአንድ ሺህ በላይ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ አልፈዋል።

እነዚህን ቁጥሮች ፈተናው ከብዶ ነው ብሎ ማጣጣል ስሕተት ነው። ቴርሞሜትር ትኩሳትን አያመጣም። ነገር ግን ትኩሳት ለክቶ ሕመምተኛውን ወደ ቤቱ የሚመልስ ሐኪም ሥራውን እንደጨረሰ ሊቆጥር አይችልም።

መርሐ ትምህርቱ ምን ይዟል?

በ2000ዎቹ መጀመሪያ ተዘጋጅቶ ከአሥር ዓመት በላይ ያገለገለውን የባዮሎጂ መጽሐፍ ላነበበ ሐኪም ጥንካሬው ግልጽ ነው። የአሥራ አንደኛ ክፍሉ ከሳይንስ ዘዴ ተነሥቶ ወደ ባዮኬሚካል ሞለኪውሎች፣ ወደ ኢንዛይሞች፣ ወደ ሴልና ወደ ኃይል ለውጥ በሥርዓት ይሄዳል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ ደቂቅ ዘአካላትን፣ ሥነ ምኅዳርን፣ የዘር ውርስን፣ ዝግመተ ለውጥንና ባሕርይን ይዟል። በኬሚስትሪ በኩል የኬሚካላዊ ሚዛን፣ የአሲድና ቤዝ፣ የቴርሞዳይናሚክስና የኤሌክትሮኬሚስትሪ ምዕራፎች ለሕክምና ትምህርት መሠረት ናቸው። ይዘቱ ደካማ ነው የሚል ካለ መጽሐፉን ያላየ ነው።

ጉድለቱ ሌላ ነው። በዚያ መጽሐፍ የሰው አካልና ጤና የተሰጠው በዘጠነኛና በአሥረኛ ክፍል ነበር። ሐኪም ለመሆን የሚዘጋጀው ተማሪ ስለ ልብና ስለ ኩላሊት የተማረው በአሥራ አራትና በአሥራ አምስት ዓመቱ ነው፤ ኦስሞሲስን፣ የኢንዛይም ሥራንና የአሲድ ቤዝ ሚዛንን በጥልቀት የተማረው ደግሞ ከዚያ በኋላ ነው። ሁለቱን የሚያገናኝ ምዕራፍ አልነበረም። ስለዚህ ኩላሊትን ያለ ኬሚስትሪ፣ ኬሚስትሪን ያለ ኩላሊት ተማረ። በ2015 ዓ.ም. ሥራ ላይ መዋል በጀመረው አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የሰው የአካል ሥርዓቶች ወደ አሥራ አንደኛና አሥራ ሁለተኛ ክፍል መምጣታቸው ትክክለኛ እርምት ነው። እርምቱ ሙሉ የሚሆነው ግን የኬሚስትሪና የፊዚክስ መምህራን ከባዮሎጂው መምህር ጋር ተነጋግረው ሲያስተምሩ ነው።

ዝግጅቱ፦ በሦስተኛ ቋንቋ፣ ያለ መሣሪያ

በአዊ ዞን ብዙ ሕፃናት አፋቸውን የሚፈቱት በአዊኛ ነው፤ አዊኛ በመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤቶችም የማስተማሪያ ቋንቋ ሆኖ ያገለግላል። አማርኛ የገበያው፣ የመሥሪያ ቤቱና የክልሉ ቋንቋ ነው። በሁለተኛ ደረጃ ሳይንስ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። እንግዲህ አንድ የጥርባ ልጅ ስለ ሳንባ በአንድ ቋንቋ ያስባል፣ በሌላ ይጠይቃል፣ በሦስተኛ ይፈተናል ማለት ነው። በትምህርት ሚኒስቴር ጠያቂነት ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው የማስተማሪያ ቋንቋ ጥናት፣ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ለስምንት ዓመታት የተማሩ ተማሪዎች በስምንተኛ ክፍል ብሔራዊ ምዘና የተሻለ ውጤት እንዳስመዘገቡ አሳይቷል። ይህ ማለት እንግሊዝኛ ይቅር ማለት አይደለም። ተማሪው ጽንሰ ሐሳቡን በሚገባው ቋንቋ ካልጨበጠ እንግሊዝኛው ባዶ ድምፅ ይሆንበታል ማለት ነው።

ይህን ክፍተት ለመሙላት የተሞከረው መድኃኒት ራሱ ሌላ ሕመም ያመጣበት ጊዜ ነበር። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የተተከለው የፕላዝማ ቴሌቪዥን ትምህርት በፍጥነት በሚነገር እንግሊዝኛ የክፍለ ጊዜውን አብዛኛ ክፍል ይወስድ ነበር፤ ለመምህሩ የሚተርፈው የመግቢያና የማጠቃለያ ጥቂት ደቂቃ ነበር። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለን ሐኪሞች ብዙዎቻችን የዚያ ትውልድ ነን። ቴሌቪዥኑ ሙከራውን በምስል አሳየን፤ በእጃችን ግን አላሠራንም። ጥያቄ ቢኖረን የሚሰማ አልነበረም፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ይጠፋ ነበር።

ላቦራቶሪ በሌለበት ወይም ተቆልፎ በሚኖርበት ትምህርት ቤት ተማሪው የሚይዘው አንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ እርሱም ሽምደዳ ነው። የቀድሞ ፈተናዎች በፎቶ ኮፒ ይባዛሉ፣ መልሶቻቸው ይጠናሉ፣ የአጋዥ መጻሕፍት ማጠቃለያ በቃል ይያዛል። ተማሪውን መውቀስ አይገባም፤ በያዘው መሣሪያ የሚቻለውን እያደረገ ነው። የከተማ ልጅ በገንዘቡ አስጠኚ ይቀጥራል፤ የገጠሩ ልጅ ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የተከሰተው ግጭት ደግሞ በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ የዝግጅት ዓመታትን ቆርጧል። በዚህ ላይ ከ2016 ዓ.ም. አንሥቶ ፈተናው ለከፊል ተፈታኞች በኮምፒውተር መሰጠት ጀምሯል፤ አሠራሩ በራሱ መልካም ቢሆንም ኮምፒውተር ነክቶ ለማያውቅ ልጅ ሌላ ያልተማረው ትምህርት ነው።

ከደጃፍ ያለው ሳይንስ

የዚህ ሁሉ አሳዛኝ ገጽታ መርሐ ትምህርቱ የሚጠይቀው ሳይንስ በአዊ ምድር በየደጃፉ መገኘቱ ነው። ጥቂት ምሳሌ ልጥቀስ።

አንደኛ፣ የባንጃና የአካባቢው ደጋ አፈር አሲዳማ ነው፤ ገበሬው ኖራ እየበተነ ያክመዋል። የአሥራ ሁለተኛ ክፍሉ የአሲድና ቤዝ ምዕራፍ ይህን በትክክል ያብራራል። አባቱ ኖራ ሲበትን ያየ ተማሪ የፒ ኤች ትርጉም በቃል ብቻ መያዝ አልነበረበትም። ይህን የተረዳ ልጅ ነገ በስኳር ሕመም ደሙ አሲድ የበዛበትን ሰው ሲያይ ነገሩ እንግዳ አይሆንበትም።

ሁለተኛ፣ በፋግታ ለኮማና በአጎራባች ወረዳዎች ዴከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ተተክሎ የከሰል ማክሰል ሥራ ለዓመታት ተስፋፍቶ ኖሯል። በዛፉ ሥር ናይትሮጅንን ከአየር የሚይዙ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ይህ የደቂቅ ዘአካላት ምዕራፍ ነው። ከሰሉ በተዘጋ ቤት ሲነድ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ከሄሞግሎቢን ጋር ያለው ትስስር ከኦክስጅን ከሁለት መቶ ጊዜ በላይ የጠነከረ ነው። ለታመመው ሰው ኦክስጅን በብዛት የምንሰጠው ሚዛኑን ወደ ኋላ ለመግፋት ነው፤ ይህም የአሥራ አንደኛ ክፍል የኬሚካላዊ ሚዛን ትምህርት ነው። በብርድ ሌሊት ከሰል አንድዶ በሩን ዘግቶ በሚተኛ ቤተሰብ ላይ የሚደርሰውን አደጋ ለማስተማር ከዚህ የተሻለ ምዕራፍ አይገኝም።

ሦስተኛ፣ እንጅባራ ከባሕር ወለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በዚህ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው። የፊዚክስ ተማሪ በቃል የሚያውቀው የግፊትና የመፍያ ነጥብ ግንኙነት፣ በጤና ጣቢያ ደግሞ መሣሪያን በድስት ቀቅሎ ንጹሕ ነው ማለት ለምን እንደማይበቃና ኦቶክሌቭ በግፊት ወደ 121 ዲግሪ ለምን እንደሚወጣ መልስ ነው።

አራተኛ፣ ጠላና አረቄ በየቤቱ ይጠመቃል፣ ይወጣል። የኃይል ለውጥ ምዕራፍ ያለ ኦክስጅን ስለሚካሄደው የግሉኮስ መፍረስ ሲያስተምር ከጋን የቀረበ ላቦራቶሪ የለውም። የሚያስገርመው ተማሪው ይህን ሁሉ እያየ አድጎ መጽሐፉን ሲከፍት ግን ሳይንስ ከሌላ አገር የመጣ ነገር መስሎት መቀመጡ ነው። ጥፋቱ የተማሪውም የመምህሩም ብቻ አይደለም። መጽሐፉ ለመላ አገሪቱ አንድ ሆኖ የተጻፈ እንደመሆኑ የየአካባቢውን ምሳሌ እንዲሞላ ለመምህሩ ቦታም ጊዜም አልተወለትም።

ፈተናው የሚለካውና የማይለካው

ፈተናው በሙሉ የምርጫ ጥያቄ ነው። ብዛት ያላቸውን ተፈታኞች በአጭር ጊዜ ለማረም ሌላ መንገድ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ ይህን አልነቅፍም። የምርጫ ጥያቄም በጥሩ እጅ ሲጻፍ ማሰብን ይለካል። ለምሳሌ "ከሚከተሉት ውስጥ ኢንዛይም የሆነው የቱ ነው?" ብሎ መጠየቅና፣ የሙቀት መጠንን ከኢንዛይም ፍጥነት ጋር የሚያሳይ ግራፍ ሰጥቶ "የሕመምተኛው ትኩሳት 41 ዲግሪ ቢደርስ ምን ይጠበቃል?" ብሎ መጠየቅ በአንድ ወረቀት ላይ የሚጻፉ ሁለት የተለያዩ ፈተናዎች ናቸው። የመጀመሪያው የሸመደደውን ይሸልማል፤ ሁለተኛው የገባውን። ሁለተኛው ዓይነት በበዛ መጠን የቀድሞ ፈተናዎችን መልስ መሸምደድ ዋጋ ያጣል፤ መምህሩም የማስተማሪያ ዘዴውን ለመለወጥ ይገደዳል። ፈተና የማስተማርን አቅጣጫ እንደሚመራ ማንም መምህር ያውቃል።

ፈተናው የማይለካቸው ነገሮችም አሉ። ትዕግሥትን፣ እውነተኛነትን፣ የሰውን ሕመም አይቶ ያለመሸሽን አይለካም። ከሁሉ በላይ ተፈታኙ ነገ የት ሊሠራ እንደሚፈቅድ አይለካም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጣው መመሪያ የገጠር ተወላጅ ተማሪዎችን ታስቦበት ወደ ጤና ትምህርት ማስገባት ባለሙያዎች በገጠር እንዲቆዩ ከሚረዱ መንገዶች አንዱ እንደሆነ መክሯል፤ እ.ኤ.አ. በ2021 ባሻሻለው እትምም ይህንኑ አጽንቷል። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ1972 ያቋቋመችው ጂቺ የሕክምና ዩኒቨርሲቲ ከየአውራጃው ተማሪ እየመረጠ በትውልድ አካባቢው እንዲያገለግል በውል ያስተምራል። በአንጻሩ በሕንድ የታሚል ናዱ ክፍለ ግዛት ያቋቋመው ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2021 ባቀረበው ዘገባ፣ አገር አቀፉ የሕክምና መግቢያ ፈተና ግዴታ ከሆነ ወዲህ ከገጠር የመጡና በታሚልኛ የተማሩ ልጆች በሕክምና ትምህርት ቤቶች ያላቸው ድርሻ መቀነሱን ገልጿል። አንድ ፈተና ንጹሕ ሆኖም ሚዛኑ ያጋደለ ሊሆን እንደሚችል ከዚህ እንማራለን።

እዚህ ላይ ሊነሣ የሚገባው ተቃውሞ አለ። "ለገጠር ተማሪ መስፈርት ዝቅ ይበል ማለት ለገጠር ሕመምተኛ ዝቅተኛ ሐኪም ይሰጥ ማለት ነው" የሚሉ ባልደረቦች አሉ። ሥጋታቸው ትክክል ነው። ስለዚህ እኔ የምለው የማለፊያው ነጥብ ይውረድ አይደለም። ማለፊያውን ካለፉት መካከል ወደ ሕክምና የሚገቡት ሲለዩ፣ ላቦራቶሪ በሌለበት ትምህርት ቤት 80 ያገኘ ልጅና በአስጠኚ ተከቦ 84 ያገኘ ልጅ ያላቸው ልዩነት አራት ነጥብ ብቻ ተደርጎ አይታይ ነው የምለው። የደም ግፊት ንባብን ያለ ዕድሜና ያለ ታሪክ አንተረጉምም፤ ውጤትንም ያለ ታሪኩ ልንተረጉም አይገባም።

የእኛ ድርሻ

መርሐ ትምህርቱን ማሻሻልና ፈተናውን ማረቅ የትምህርት ሚኒስቴርና የፈተናዎች አገልግሎት ሥራ ነው። ማኅበራችን ግን ሁለት ነገር ሊጠይቅ ይገባል። አንደኛ፣ የባዮሎጂና የኬሚስትሪ ጥያቄዎች ሲዘጋጁ የሕክምና ትምህርት ቤቶች መሠረታዊ ሳይንስ መምህራን በገምጋሚነት ይካፈሉ። ሁለተኛ፣ ውጤት ሲገለጽ ምን ያህል አለፈ ከማለት አልፎ ተማሪዎች በየትኛው ምዕራፍ እንደወደቁ ለየትምህርት ቤቱ ይነገር። ውጤቱን ሳይነግሩ ደም ብቻ መቅዳት ለሕመምተኛው አይጠቅምም።

ሌላው ከማንም ፈቃድ ብዙ ሳይጠብቅ በእጃችን ያለ ሥራ ነው። በአንድ ወረዳ ትምህርት ቤቱ ማይክሮስኮፕ ባይኖረው ጤና ጣቢያው አለው። በወር አንድ ቀን ከሥራ ሰዓት ውጭ የላቦራቶሪ ባለሙያው የሕመምተኛ ስም የሌለበትን የተቀባ የወባ ስላይድ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ቢያሳይ፣ ፒ ኤች መለኪያ ወረቀት ቢያስነካቸው፣ ነርሷ የደም ግፊት መለኪያውን በፊዚክስ ቋንቋ ብታብራራላቸው የሚወጣው ወጪ ትንሽ ነው። ጤና መኮንኑ አንድን ምዕራፍ መጀመሪያ በአዊኛ ወይም በአማርኛ አስረድቶ ከዚያ የእንግሊዝኛውን ቃል ቢሰጥ፣ በአዲሱ መርሐ ግብር ሐኪም የሆኑ ባልደረቦቻችን የደረሱበትን እውነት ተማሪው ቀድሞ ይደርስበታል፤ ይኸውም ሳይንሱ የሚጸናው ሥራ ላይ ሲውል መሆኑ ነው። የመምህሩን ቦታ መውሰድ አይገባም፤ መምህሩን ጠርቶ አብሮ ማቀድ ይገባል። በተላላፊ ናሙና ተማሪ እንዳይነካካ መጠንቀቅም የእኛ ኃላፊነት ነው።

አንድ የወባ ስላይድ ያየ ልጅ ሁሉ ሐኪም አይሆንም፤ መሆንም የለበትም። ሐኪም ባይሆን የአልጋ አጎበሩን በትክክል የሚጠቀም ገበሬ፣ ከሰል አንድዶ በሩን የማይዘጋ አባት፣ ክትባት የማታሳልፍ እናት ይሆናል። የፈተናው መቶኛ ከፍ ቢልም ባይልም ይህ ትርፍ ነው። ጠባቡን በር አልፎ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት የሚገባው ጥቂቱ ደግሞ የመጀመሪያውን ማይክሮስኮፕ ያየበትን ጤና ጣቢያ ያውቀዋል፤ ተመልሶ ሊያገለግልበት የሚመጣበትም ምክንያት ይኖረዋል።